መሀል ሜዳ የተተከለው ድንኳን

ዶዘሩ የትምህርት ቤቱን ኳስ ሜዳ ለፎቅ ሊያርሰው ሲመጣ፣ መሀል ሜዳው ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀው። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ንቅንቅ አላሉም። “ባለቤቴ ጠዋት ሒሳብ እያስተማረ፣ ከሰዓት እዚሁ ኳስ እያሰለጠነ ሠላሳ ዓመት ኖረ። ቢደክመውም የገዛ ልጆቹን እግር ሳያጥብ አይተኛም ነበር። ሦስት ዋንጫ አምጥቷል። እንግዲህ ድንኳኑን ከነለቀስተኛው እረሰው!”

“በሒሳብ ሁለቴ የጣሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር” አለ ሹፌሩ እንባውን እየጠረገ። ዶዘሩን አዙሮ ሄደ።

ድምፁ ሲርቅ መምህሩ ከድንኳኑ ጀርባ ብቅ አሉ። “ምን ነካሽ? ያመጣሁት አራት ዋንጫ ነው!”

“አርፈህ ሙት!” አሉ እትዬ ዘውዴ። “ነገ አለቃው ለቅሶ ይመጣል።”