የበርሜሉ ክዳን

ደግሰው የበርሜሉን ክዳን መሬት ላይ አጋድሞ በግራ እግሩ ረገጠው፤ ሞፈር የሚጠርብ ይመስል። የያዘው ግን መጥረቢያ ሳይሆን የሚስቱን ድሪል ነው። ጫፉ ላይ ስኒ የሚያክል፣ ከንፈሩ ሁሉ ጥርስ የሆነ ክብ መጋዝ ተገጥሞለታል። ክረምቱ ሳይገባ የጣሪያው ውሃ መውረጃ ቱቦ በክዳኑ ማለፍ አለበት።

ዘመናይ የልጇን ባል ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ነጠላ ጫማ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ፎጣ። ሳውዲ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ መጥቶ፣ "እኛ እዚያ ያልነካነው ማሽን የለም" ይላል። አፉ ብቻ ሥራ አይፈታም።

ትናንት የቤቷን የእንጨት በር ለቁልፍ ሲበሳ፣ ከአንድ ወገን ገፍቶ ገፍቶ ጀርባውን ሰነጣጠቀው። ልጇ ማስተዋል፣ "ጫፉ ብቅ ሲል ገልብጠህ ከኋላ ጨርሰው" ብላው ነበር። "ከኋላ ማን ያየዋል?" አለ። ዘመናይ ታየዋለች፤ ማታ በሩን በዘጋች ቁጥር።

"ደግሰው፣ ላሜራ እኮ ነው። ሞርሳ ላይ እንሰረው" አለች ማስተዋል። የቆሙበት ብየዳ ቤት የእሷ ነው፤ ተምራ ያቋቋመችው። ሰው ፊት ባሏን ስታናግር ግን ድምፅዋ ያንሳል።

"እግሬ ከሞርሳ ያንሳል እንዴ?" ደጅ የቆሙት ጎረቤቶች ሳቁ።

"አያንስም፤ ይቆረጣል እንጂ" አለች ዘመናይ።

"እማማ ደግሞ ሁሉን ይፈራሉ።"

ትፈራለች። ልጇ ብየዳ ቤቱን ዘግታ፣ የዚህን ሰው እግር ስታሳክም ከሰቆጣ ወልድያ ስትመላለስ ታያት።

ድሪሉ ጮኸ፤ በሙሉ ፍጥነት፣ ያለ ጠብታ ዘይት። ጥርሶቹ ላሜራውን ነክሰው ያዙት፤ ጢስ ወጣ። ክዳኑ ከእግሩ ሥር አምልጦ ዞረና የጫማውን ማሰሪያ በጠሰው። ደግሰው በባዶ እግሩ መልሶ ረገጠው።

ማሽኑ ጸጥ አለ።

"መብራት ጠፋ!"

"አልጠፋም" አለች ዘመናይ። ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ ሶኬቱ እጇ ላይ ነው።

"ይሰኩት እንጂ እማማ!"

"ድሪሉ የማን ነው?"

ማንም አልሳቀም። ማስተዋል ድሪሉን ከእጁ ወሰደች። ክዳኑን ከጣውላ ጋር ደርባ በሞርሳ አጠበቀችው፤ ሻሿን ከኋላ ቋጠረች፤ መነጽሯን አደረገች፤ ዘይት ጠብ አደረገችበት።

"እማ፣ ሰኪው።" ድምፅዋ ደጅ ድረስ ተሰማ።

አሁን ማሽኑ አይጮኽም፤ ያጉረመርማል። ጥቂት ይቆርጣል፣ ያርፋል፣ ዘይት ይጠጣል። ሲያልቅ ሶኬቱን አስነቅላ፣ መጋዙ ውስጥ የቀረችውን ክብ ብረት በካቻቢቴ ገፋ አደረገቻት። ወደቀች።

"እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው" አለና ደግሰው ጎንበስ ብሎ አነሳት።

"ትፋጃለች!" አለች ማስተዋል።

ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከቶ ቆመ፤ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ።

ማስተዋል መነጽሯን አወለቀችና ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ያንን አስተያየት ዘመናይ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ሶኬቱን እንደያዘች ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።