ከሚጣል ብላ

ፋርማሲስቷ የደም ግፊት ልትለካ የእናቷን እጅጌ ስትሰበስብ፣ ክንዷ ከክርኑ በታች በልዞ አየች።

«ምን መታሽ እማዬ?»

«ምንም። ሰሞኑን ትንሽ ሲነካኝ ይጠቁራል።»

ወንድሟን ገላመጠችው። ሶፋው ላይ ስልኩን ታቅፎ ይነካካል፤ ሥራው ያው እሱ ነው። ከስልክ ላይ ሕክምና ስለሚለቃቅም «ሊቁ» ያለችው እሷ ናት። እናታቸው ልቧን ከታከመች ወዲህ ደም ማቅጠኛ ትውጣለች፣ ይሄ ደግሞ አንድ ሰሞን ዝንጅብል፣ አንድ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት ይላል።

«ደግሞ ምን አበላሃት?»

«ምንም። ባለፈው ሳምንት ድዷ ይደማል ብዬሽ ነበር እኮ።»

ብሏት ነበር። ጥርሷን አጥብቃ ስለምትቦርሽ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችበት። አሥራ ሁለተኛን ሁለቴ የወደቀ ሰው ስለ ድድ ሊያስተምራት!

«አንተ ዝም በል። መድኃኒት አምስት ዓመት ቁጭ ብለው የሚማሩት ነገር ነው፤ ስልክ መጎርጎር አይደለም» አለችና የእናቷን የመድኃኒት መሳቢያ ሳበች። እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ቸኩላለች።

ከደም ማቅጠኛው ጎን ሦስት የቫይታሚን ኢ ብልቃጦች ቆመዋል። ሁለቱ ባዶ ናቸው።

«ይኸው! ይሄ ሲበዛ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሰው እንደሚያደማ ስልክህ አልነገረህም? በቀን ስንት ትሰጣታለህ?»

«አራት አራት እውጣለሁ» አለች እናትየው። «እሱ የለበትም። አንቺ አይደለሽ ያመጣሽልኝ? ቀኑ ሊያልፍበት ነው፣ ፍሬውን በመርፌ እየበሳሽ ዘይቱን ፊትሽን ተቀቢው አልሽኝ። በዚህ ዕድሜዬ ተቀብቼ ለማን ልታይ? ከሚጣል ብዬ ቀኑ ሳያልፍ ልጨርሰው ነው።»

ፋርማሲስቷ ብልቃጡን አዞረችው። ከፋርማሲው መደርደሪያ ስታወርደው በቀይ የጻፈችው የማብቂያ ቀን፣ የራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ እዚያው አለ። ደንበኛን ሁሉ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ሳትጠይቅ አታሰናብትም፤ ያልገባውንም በሆዷ ትስቅበታለች። እናቷን ግን ይሄ የሚቀባ ነው፣ እንዳትውጪው አላለቻትም።

እናትየው አፏን በመሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ቀላ።

ሊቁ ተንበርክኮ የእናቱን ጫማ እያሰረ ነው። ቅድም ስልኩን ሲነካካ የቆየው ታክሲ እየጠራ ነበር።

«በር ላይ ደርሷል እማዬ፣ ተነሺ» አለ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞር ሳይል፣ «ብልቃጡን ያዢ። ሐኪሙ ይጠይቃል።»

ፋርማሲስቷ ያዘች።