ሁለቱ ስቴሽነሪዎች

«እሱን ያዝኩት፤ ቀጥይ» ትለኛለች እህቴ፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ።

እሁድ ከሰዓት ነው። ከእማዬ አልጋ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፍቺያቸው የሚለያይ የእንግሊዝኛ ቃላት አስጠናታለሁ። ነርስ ናት፤ ነገ ጠዋት ያለባትን የእንግሊዝኛ ፈተና ካለፈች ውጭ አገር ያለ ሆስፒታል ይወስዳታል። አምና በሁለት ነጥብ ወደቀች። ዘንድሮ ካልሆነላት ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የምተዳደረው የሰው ስህተት በመልቀም ነው።

«ይሄ እንግሊዝ ግን ፊደል ሞልቶት ድምፅ ያጠረው ምን ሆኖ ነው?» ትላለች። ያስቀኛል። ስታስቀኝ እወዳታለሁ፤ ነገሩን የሚያከብድብኝም ይሄው ነው።

እማዬ በጎኗ ተኝታ ታየናለች። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት። ስትሮክ ግማሽ አካሏንና ምላሷን ከያዘው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በየሁለት ሰዓቱ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን፣ እህቴ በትከሻዋ እኔ በዳሌዋ በኩል ሆነን፣ ጎኗን እንቀይርላታለን። ለአንድ ሰው አይሆንም። እህቴ የሌሊት ተረኛ በሆነችበት ሳምንት ብቻዬን ሞክሬ ወገቤ እምቢ አለኝ፤ እማዬ ዳሌዋ ላይ ቆሰለች፤ እስከ ዛሬ አልሻረላትም። ሁለት ሰው ቀጥረን ነበር። አንዷ ሳምንት አልሞላትም፤ ሌላዋ የቁስሉን ሽታ አልቻልኩም ብላ ጓዟን ጠቀለለች።

«ስቴሽነሪ» እላለሁ።

«እሷን እንኳ አውቃታለሁ። በኤ ስትጻፍ የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ። በኢ ስትጻፍ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የጽሕፈት ዕቃ። አይደል?»

ነው። ልክ ነሽ ልላት አፌን ከፍቻለሁ።

«አቀያየርሻቸው» እላታለሁ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም። እኔው በራሴ እደነግጣለሁ።

«ኧረ ባክሽ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ነው እኮ የጻፍኩት። እርግጠኛ ነሽ ሚጢዬ?»

«ሥራዬ አይደል እንዴ?»

እህቴ ደብተሯን አየት፣ እኔን አየት አድርጋ ወደ አልጋው ትዞራለች። «እስቲ መምህርቷን እንጠይቅ። እማዬ፣ ሚጢ ናት ልክ?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እማዬ ዓይኗን አንዴ ከከደነች አዎ ማለቷ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ አይደለም። ስህተት ሰምታ የምታልፍ ሰው አይደለችም፤ በደህናው ጊዜ የሐኪም ማዘዣ ላይ ሳይቀር ቀይ እስክሪብቶ ታሳርፍ ነበር። አሁን እህቴን ታያለች፤ ከዚያ እኔን። እንዳወቀችብኝ ገባኝ። ሁለቴ ክደኚው እላለሁ በሆዴ፤ አጋልጪኝና ትሂድ። ሌላው ሆዴ ደግሞ አንዴ ብቻ እንድትከድነው ይለምናል።

አንዴ ትከድናለች። እንጠብቃለን። አትደግመውም።

«በቃ፣ ከሁለታችሁ ጋር ማን ይከራከራል» ትላለች እህቴ እየሳቀች። «አንቺ ባትኖሪ ነገ ጉዴ ፈልቶ ነበር፤ ኑሪልኝ። የቀሩትንም ከመጀመሪያው እንያቸው፤ ስንቱን ተሳስቼ ይሆን?»

«እሺ፣ እናያቸዋለን» እላለሁ።

ላጲስ ትፈልግና ደብተሯ ላይ ጎንበስ ትላለች። ልክ የነበረውን መስመር ወረቀቱ እንዳይቀደድባት ቀስ እያለች ታጠፋዋለች፤ ፍርፋሪውን እፍ ትለዋለች። እኔና እማዬ እናያታለን።