ዝቅ ያለ ምድጃ

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ፣ ወጥ ቤቱ ካልተሠራ ጣሪያውንም አትነኩም አለች።

ከተማው ለአቅመ ደካሞች በነፃ ቤት የሚያድስበት ፕሮጀክት ከተጀመረ ወዲህ ፎርማኑ ብዙ ዓይነት ሰው አይቷል። የሚመርቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ ቀለሙ አልጣመኝም ብሎ የሚያኮርፍም አለ። በነፃ የመጣ ቆርቆሮ ከበር የሚመልስ ግን አጋጥሞት አያውቅም። ሠራተኞቹ ቱንቢ ይሉታል፤ ግድግዳም ሰውም ሲጣመም አይወድም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትለዋን ተረት ጠዋት ማታ ይደጋግማታል። ሴትዮዋንም ወዲያው ጠረጠራት።

ቤቱ የባልና ሚስት ብቻ ነው። ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። በእቅዱ ላይ የሚሠራለት ግልጽ ነው። ጣሪያው ይቀየራል፣ በሮቹ ይሰፋሉ፣ ደፉ ተነስቶ መወጣጫ ይሠራል፣ መኝታውና መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ መደገፊያ ብረት ይተከላል። ሴትዮዋ የምትለው ሌላ ነው። ምድጃው የሚቀመጥበት መደብ ፈርሶ ዝቅ ይበል፣ ቧንቧውም መደርደሪያውም ዝቅ ይበል፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይድረስበት።

ቱንቢ ሊያስረዳት ሞከረ። ወጥ ቤቱን የሚጠቀሙበት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ደግሞ ጤነኛ ነዎት አላት።

"እሱስ ቢሆን?" አለች። "የደከመው እግሩ ነው። እጁ ጤነኛ ነው፤ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።"

ባልየው ከውስጥ ሰማ። በእግሩ ሲሄድ እንኳ ወጥ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ፣ አሁንም እንደማይገባ ጮክ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ኩባያውን በማንኪያ መታ መታ አደረገ። ውሃ ሲፈልግ የሚጠራት እንዲያ ነበር። እሷም ሄደች። ቱንቢ ሕመም ጸባይ ያበላሻል ብሎ አለፈው።

በማግስቱ ሴትዮዋ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቢሮ ገብታ ወንበር ላይ ተተከለች። ኃላፊው በጀት የለም አላት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ደንብ አለ ሲላት፣ ደንቡን ያወጣው ሰው በሕይወቱ ድስት ጥዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ጥበቃ ይጠራ ተባለ። ይጠራ፣ እኔን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ እኔ ግን ያን የሚያህል ባል ስንት ዓመት ብቻዬን አንስቻለሁ አለች። በመጨረሻም መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። እኔ የምተኛበት ክፍል ይቅር፣ እንዳሻው ያፍስ፣ የክፍሉ ወጪ ለወጥ ቤቱ ይዙር አለች። ኃላፊው ግልግል ነው ብሎ ፈቀደ።

የቱንቢ ጥርጣሬ ግን ባሰ። ቤታቸውን በነፃ አሳድሰው ሲያበቁ የሚያከራዩ ሰዎች አይቷል። ለራሷ ክፍል የማትሳሳ ሴት ለዚህ ወጥ ቤት እንዲህ የምትሟገተው ተከራይ ቢኖራት ነው ብሎ ደመደመና፣ ሥራውን እየሠራ በዓይኑ ሲከታተላት ሰነበተ።

ተከራይ አልመጣም። ያየው ሌላ ነገር ነው። ባልየው ሲተኛ ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ራሷ ትቀመጥና ከቧንቧው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መደርደሪያው እየተሽከረከረች እጇን ትዘረጋለች። ካልደረሰላት ገና ዝቅ ይበል ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ባሏን እዚያው አስገብታ ሽንኩርትና ቢላዋ ሰጠችው። ሰውየው ተሳድቦ ሽንኩርቱን ወረወረው። አንስታ አጠበችና መልሳ ፊቱ አስቀመጠችው።

"እራትህ እሱ ነው" አለችው።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ሲመጡ ሽንኩርቱ ተከትፎ ነበር።

ሠራተኞቹን ደግሞ መተንፈሻ አሳጣቻቸው። ቶሎ በሉ፣ ጊዜ የለኝም ትላለች። ከስታለች፣ ዓይኗም ጎድጉዷል። ቱንቢ ቧንቧውን እያጠበቀ ሳለ ነገሩ ድንገት በራለት። እናቱ የሞተች ሰሞን አባቱ ጨው የት እንደሚቀመጥ አጥቶት ወጥ ቤቱ መሐል ቆሞ ሲያለቅስ አይቷል። ይህች ሴት ያንን ቀን ቀድማ አይታው ነው። መጠርጠሩ አሳፈረው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን እንደ ገዛ እናቱ ቤት ሠራው። እረፍቱን ሰውቶ መደርደሪያውን በራሱ እጅ አለሰለሰ። ለሠራተኞቹም፣ ሰውየው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴትዮዋ ብዙ እንደማትቆይ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አላጉረመረመባትም።

ሥራው ያለቀ ቀን ባልየው ብቻውን ከአልጋው ወደ ወንበሩ ወርዶ፣ በመወጣጫው ወጥቶ፣ ሲጋራውን ገዝቶ ተመለሰ። ከዚያ ፊቱን እንዳኮሳተረ እንቁላል ጠበሰ። ለማንም ሳያቀምስ ጠራርጎ በላና ጨው በዛበት አለ። ሴትዮዋ በሩን ተደግፋ እስኪጨርስ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቱንቢ ማየት አልቻለም፣ ወጣ።

ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲነሱ ሴትዮዋ አንድ ቦርሳ ይዛ መጣች። እስከ መናኸሪያው አድርሱኝ አለች። ቱንቢን ሌላ ከተማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ትዝ አለው። ከጎኑ አስቀመጣትና ጉድጓዱን ሁሉ በዝግታ እያለፈ ነዳ። መናኸሪያው ሲታይ ግን ቱንቢን አላስቻለውም።

"እማማ፣ ገብቶኛል" አለ። "ሞት ደጁ ቆሞ ለባሉ እንዲህ የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም። እግዜር ይማርዎት።"

ሴትዮዋ ዞራ በመገረም አየችው።

"ምን ሞት አመጣህብኝ፣ ልጄ? እኔ የምሄደው፣ ኩባያ በማንኪያ የማይመታብኝ ቦታ፣ ልኖር ነው።"