ጉልበታቸውን የከለከሉ እናት

«እንዳትነካኝ…!»

እማማ እታገኝ የልጃቸውን ራስ በመዳፋቸው ገፉት…

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ክው አሉ።

ሽሙኤል ሽማግሌ ይዞ የመጣው የማስተሰረያው ፆም ኪፑር ሳይገባ እናቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር። እንደ ወጉ ተንበረከከ… ሁለት ጉልበታቸውን በእጁ ይዞ ሊስም ጎንበስ አለ… ከንፈሩ ሳይደርስ ነው የገፉት።

በኛ ቤት የእናት ጉልበት ስሞ መነሳት ይቅርታም ምርቃትም ነው። ጉልበት መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አባባ ማለደ ለመኗቸው። ልጅ እኮ ነው፣ ነገ ፆም ነው፣ ቂም ይዞ ይጾማል ወይ ቢሏቸው… እማማ እታገኝ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ጎተቱ።

ሽሙኤል ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ያጠለቀው ደረጃው ላይ ነው።

ጥፋቱ ምን ነበር?

አንድ ቀልድ።

ዘመድ ሰርግ ላይ እናቱ የአዳራሹን ደረጃ ሲወጡ ዘገዩበት። እሱም ከኋላ ሆኖ፣ ሰው እየሰማ፣

«ኧረ እማዬ፣ እንዲህ ከሆንሽማ ቤት አቮት አስገብቼሽ ልረፍ» አለ።

እዚህ እስራኤል ጧሪ ያጡ አዛውንቶች የሚገቡበትን ቤት ማለቱ ነው…

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከጉልበቱ ነገር በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። እሱ ከሚኖርበት ከዩድ አሌፍ ሰፈር እናቱ እስከሚኖሩበት ዳሌት ሰፈር በአውቶቡስ ምንም አይደለም… ሽሙኤል ግን የእናቱን ሦስተኛ ፎቅ አልረገጠም። አስቤዛውን የምታደርስለት ሚስቱ ሃዳስ ናት።

እሷም ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አይደለም። ተቀምጠው ነው የሚቀበሉኝ ትላለች። ስገባም ስወጣም ከወንበራቸው አይነሱም፣ እኔንም አኩርፈውኛል መሰለኝ ትላለች።

ሰው ደግሞ መቼ ዝም ይላል… እናት በአንድ ቀልድ እንዲህ አትጨክንም፣ የደበቀን ሌላ ነገር ቢኖር ነው እንጂ ተባለ። ሽሙኤል ለቅሶ መሄድ ተወ። ለስግድ በዓላችን እንኳን ሰው ሲወጣ እሱ ፋብሪካ ይገባ ጀመር።

ያልተመረቀ ልጅ መሆኑን አምኖ ተቀመጠ…

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለ የእናቱ ጎረቤት ራቪት ደወለችለት።

እናትህ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል አለችው። መውጣትም መውረድም አቅቷቸዋል… ለልጄ እንዳትደውይ ብለው አስምለውኛል፣ እኔ ግን አላስቻለኝም አለችው።

ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ነርሷ ቀሚሳቸውን ገለጥ አደረገች…

ሽሙኤል ጉልበታቸውን ያኔ ነው ያየው።

ጉልበት አይመስልም… ተነፍቷል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። የእጃቸው ጣቶችም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተጋድመዋል።

ሐኪሟ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀች። ሽሙኤል ጥያቄውን ተረጎመላቸው።

እማማ እታገኝ ሐኪሟን አየት አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያን ጊዜ ከነሽማግሌዎቹ ስትመጣ እንደ እሳት ይነድ ነበር። እጅህን ስታሳርፍበት ነፍሴ ልትወጣ…» አሉት።

«ታዲያ አመመኝ አትይኝም ነበር እማዬ?»

«እንዴት ልበልህ? አመመኝ ካልኩማ ቤት አቮት ልታስገባኝ አይደለም እንዴ…»



«ይቅር ያልኩህማ ገና በሩን ሳታንኳኳ ነው» አሉት። «አሁን ለሷ ይህን ሁሉ አትንገራት። እርጅና ነው በላትና ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

ሐኪሟ መልስ ትጠብቃለች…

ሽሙኤል እናቱን አየ። ከዚያ ለሐኪሟ ሁሉንም ነገራት።

እርጅና መገጣጠሚያን ያደክማል አለች ሐኪሟ። ይሄ ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም… ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት የሚያጠቃበት የቁርጥማት በሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰውነት እስር ብሎ ቶሎ አልላቀቅ ሲል፣ መገጣጠሚያ ሲያብጥና ሲሞቅ፣ ምልክቱ ያ ነው። ሰው ሲያረጅ ግን ሁሉም እርጅና ነው ይላል፣ ታማሚውም ያምናል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ከረፈደ ነው። መድኃኒት አለው፤ አሁንም እንጀምራለን። የተጎዳው ግን አይመለስም። ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን መኖርም ከእንግዲህ አይሆንም…

እማማ እታገኝ ዕብራይስጡ አልገባቸውም። የልጃቸው ፊት ግን ገባቸው።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት እማዬ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዛሬ እማማ እታገኝ ዩድ አሌፍ፣ ልጃቸው ቤት፣ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። የዳሌቱ ኪራይ ቤት ቁልፍ ተመልሷል። መድኃኒቱ እብጠቱን ቀንሶላቸዋል… ጣቶቻቸው ግን እንደተጋደሙ ቀሩ።

ሽሙኤል፣ ከኔ ቤት ማንም አያስወጣሽም ብሎ ስንቴ ምሎላቸዋል።

«አውቃለሁ ልጄ… እግዚአብሔር ይስጥህ» ይሉታል።

ጠዋት ግን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው ይነሳሉ።

አልጋቸው ሲንቋቋ ለሽሙኤል ይሰማዋል… እጃቸው ግድግዳውን ሲዳብስ… ትንፋሻቸውን ውጠው እንደገና ሲሞክሩ… ለመቆም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ማንም እንዳያይ ነው። ልጆቹ ሲነቁ አያታቸው ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ፈገግ ብለው ያገኟቸዋል።

ሽሙኤል አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ሄዶ አይደግፋቸውም… ብቅ ቢል እንደሚደነግጡ ያውቃል።

ወገኖቼ… አንዳንድ ቃል ይቅርታ ተጠይቆበትም፣ ይቅርታው ተሰጥቶም፣ ከሰው ልብ አይወጣም። በአዛውንት አቅም ማጣት አንቀልድ። «እርጅና ነው» ሲሉን ደግሞ አምነን አንለፍ… ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፣ እናሳክማቸው።

እናንተ ቤት ያሉት እናት ወይም አባት ህመማቸውን የሚደብቁት ከማን ይመስላችኋል…? ከእናንተ ላለመሆኑስ እርግጠኛ ናችሁ? የልባችሁን ከታች ፃፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።