ስማቸው የጠፋ ዘፈኖች

የጡረተኛው ፋርማሲስት ኮምፒውተር ሞተ። ሰውየው «ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኩትን ዘፈን ይዞብኝ ሄደ!» እያለ በቤቱ ውስጥ ሲንቆራጠጥ ላየው አንጀት ይበላል። ሚስቱ ግን፣ እውነቱ ይነገርና፣ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሳቋ እንዳያመልጣት ወደ ጓዳ ገባች።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተተክሎ ነው የሚውለው። እሷ የምታወራው ከጀርባው ጋር ነበር። የሽንኩርቱን መወደድ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ የጉልበቷን ሕመም፣ ሁሉንም ለሸሚዙ ኮሌታ ነግራ ጨርሳለች። እሱ እንደሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ቀን ታዲያ ብሶባት፣ «እኔ ብሞት እንኳ የምትሰማው ዘፈኑ ሲያልቅ ነው!» ብላ ጮኸች።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አነሳ። «ምን አልሽ?»

«ምንም» አለችው።

ኮምፒውተሩ ጸጥ ያለው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ፋርማሲስቱ ሲበዛ ጥንቁቅ ነው። በዚያ ቤት አንድ ብቻ የሆነ ዕቃ የለም፤ መነጽሩ ሁለት፣ ጃንጥላው ሁለት፣ የበሩ ቁልፍማ ሦስት ነው። ዘፈኖቹንም እንደ መድኃኒት በየመደርደሪያው ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ስም ላይ አወሳሰዱን ጽፎ ነበር ያስቀመጣቸው። አንዱ «ለብስጭት፤ ከምሳ በኋላ» ይላል። ሌላው «ለትዝታ፤ ብዙ አይወሰድ»።

ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ቁመናው ያማረ፣ ሳቂታ ወጣት ነው። በሩን የከፈተችለት የቤቱ ልጅ መዝጋቱን ረስታ እንደቆመች ቀረች። እናት ይህን አየች፣ በሆዷም ያዘችው።

«ዘፈኖቹ ይመለሳሉ ጋሼ» አለ ጠጋኙ ነካክቶ ሲያበቃ። «ስማቸው ግን ጠፍቷል። ሁሉም ቁጥር ብቻ ሆነው ነው የሚመጡት። እየሰማችሁ እንደ አዲስ ስም ማውጣት ነው።»

«ብቻዬንማ አልችለውም» አለ ፋርማሲስቱ ፈጠን ብሎ። «ሁሉም ይሰብሰብ። ማዳመጫውም አይጠቅመንም፤ እንካ ውሰደው።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። ማታ ማታ ከራት በኋላ ድምፅ ማጉያው ይከፈትና አንድ ዘፈን ይመጣል።

«ይሄማ የዚያ ሱሪው ሰፊ ዘፋኝ ነው!» ትላለች ሚስት።

«የለም፣ የወንድሙ ነው» ይላል ባል።

«ሁለታችሁም ተሸውዳችኋል» ትላለች ልጅ።

ይከራከራሉ፣ ይወራረዳሉ፣ ያሸነፈ ስም ያወጣል። በመሐል ወሬው ይነሳል። ስለ ሽንኩርቱም፣ ስለ ጎረቤቱም፣ ስለ ጉልበቷም ተወራ። ባል ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ሰማ። እንዲያውም ለጉልበቷ ቅባት አመጣላት።

አንድ ማታ በሠርጋቸው ዕለት የጨፈሩበት ዘፈን መጣ። ባል ግንባሩን አከከ።

«ይሄ ደግሞ የምኑ ነው?»

«ምን አልክ?» ሚስት ብድግ አለች። «የሠርጋችን ነዋ! አንተ ልበ ደረቅ!»

«እንዴት ነበር የጨፈርነው? ካየሁት ትዝ ይለኝ ይሆናል።»

ወገቧን ይዛ አሳየችው።

«ኧረ እኔ እንጃ» አለ፣ «አልመጣልኝም።»

ጎትታ አስነሳችው። ጉልበቷን ረስታ ዘፈኑ እስኪያልቅ አብራው ጨፈረች። ልጃቸው ሳቅ ይዟት ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኮምፒውተሩ ድጋሚ ሞተ። የተሰየሙት ዘፈኖች ሁሉ ተመልሰው ቁጥር ሆኑ። ጠጋኙ መጣ፣ ጠገነ፤ ሄደ። እንደገና ሊያልቅ ሲል እንደገና ሞተ።

«የመጀመሪያውስ እርጅና ነው እንበል» አላት ጠጋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ግን የሰው እጅ ነው እትዬ።»

ዓይን አውጣ! አለች በሆዷ። እጁ የማን እንደሆነ አላጣችውም፤ ለመመላለስ ሰበብ የሚፈልግ ሰው እጅ ነው። እሷ እንደሆነ በተበላሸ ቁጥር በደስታ የምትሆነውን ነው የምታጣው። ሥራው ያለቀ ዕለት ባሏ ጀርባውን መልሶ እንደሚሰጣት ታውቃለች፤ ሲያስፈራት የሚያድረውም ይኸው ነው። ቢሆንም እናት ናት፣ የልጇን ነገር ዝም ብላ ማለፍ አልሆነላትም።

ጠጋኙ በማግስቱ የሳሎኑን ኮምፒውተር አስነስቶ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ ሥራውን ሲጨርስ ፊቱ ተገተረች። ልጅቷም አጠገቡ ነበረች።

«ስማኝ የኔ ልጅ። ልጄን ከወደድካት እንደ ሰው በግልጽ ተናገር። የሰው ኮምፒውተር ምን አደረገህ?»

ጠጋኙ ላብ በላብ ሆነ። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል!

ንዴቱ ይሁን የሰሞኑ ጭፈራ፣ ራሷን ፈለጣት። የባሏን መሳቢያ ከፍታ የራስ ምታት ክኒን ስትፈልግ፣ በእጅ ጽሑፉ «ከሕፃናት እጅ ይራቅ» ያለበት ብልቃጥ አገኘች። ከፍታ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። የወጣው ክኒን ሳይሆን ፍላሽ ነው።

«ይሄስ?» ብላ ጠጋኙ ፊት ወረወረችው።

«የኔ አይደለም እትዬ፣ እናቴ ትሙት!» ብሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካው።

ዘፈኖቹ በየመደርደሪያቸው ተደርድረው ወጡ። አንድም አልጎደለ። «ለብስጭት፤ ከምሳ በኋላ።» «ለትዝታ፤ ብዙ አይወሰድ።» የሠርጋቸውም ዘፈን አለ፤ «የእሷ፤ ሳይቋረጥ፣ ዕድሜ ልክ።»

«ኧረ ኑ እንጂ!» ሲል ባሏ ከሳሎን ተጣራ። «ይሄ ደግሞ የማን ዘፈን ነው? ጨርሶ ጠፋኝ!»