ሁለት መቶ ጫጩትና የእኔ ማቀዝቀዣ

ከዋሸሁ ይህች ሃርድቶፕ ሁለተኛ አትነሣልኝ! ሞተሩን አጥፍቼ፣ በሩን በርግጄ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ የምናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ከአዋሽ እስከ ዱብቲ የመኪናዬ መስታወት ከውስጥ በረዶ ጋግሮ ነው የመጣነው።

«በረዶ?» ይላል አብዱናሲር። የተሳፋሪዬ የፋኢዛ ጎረቤት ነው፤ ገላፊ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ የሸበተ፣ ሰው ማመን የማይወድ።

«በረዶ! በጥፍሬ ነው የፋቅሁት። ውጭው ሐምሳ ሁለት ዲግሪ፣ ውስጡ ደጋ!»

«በጥር? እኔ ዛሬ ጠዋት ጃኬት ደርቤ ነው የወጣሁት።»

«አንተ ዛሬ ሚሌን አላየሃትማ! አስፋልቱ ከጎማዬ ጋር እየተሳበ አብሮኝ ሊመጣ ነበር።»

ፋኢዛ አትሰማንም። ሁለቱን ባለ ቀዳዳ ካርቶኖች ከመኪናው አውርዳ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣለች። በየካርቶኑ መቶ የአንድ ቀን ጫጩት አለ። ዓምና ያስመጣቻቸው ሁለት መቶዎቹ ባንድ ሌሊት መንገድ ላይ አልቀውባታል። እነዚህም ካለቁ ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ዐረብ አገር ልትመለስ ነው። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቋን ግን አልወደድኩትም። «እኔ ይገዙ እያለሁ አንቺ የትም አትሄጂም!» ብዬ ደረቴን የመታሁት ያኔ ነው።

ምን እንደገደላቸው አልጠየቅኋትም። እዚህ አገር ከሙቀት ሌላ ምን ይገድላል?

እናም ለሠላሳ ዓመቷ መኪናዬ ማቀዝቀዣ ሠራሁላት። ኮምፕረሰሩን ከሞተ አውቶብስ ነቀልኩ። ማቆሚያውን አባቴ ዕድሜውን በጨረሰበት ባቡር ጣቢያ ጓሮ ከተጣለ የሐዲድ ብረት ቆረጥኩ። ቱቦውንም፣ ቺንጋውንም፣ ማራገቢያውንም የገጠምኩት በነዚህ እጆቼ ነው፤ መካኒክ አላስነካሁም። ሰመራ ላይ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ኮፈኑን አስከፍቶ አየና ፎቶ አንሥቶ ላገሩ ላከ። ምን ብለው እንደመለሱለት አልነገረኝም፤ አፍሮ ይሆናል።

«ታዲያ ሸሚዝህ ለምን ረጠበ?» ይላል አብዱናሲር ጀርባዬን በጣቱ ነካ አድርጎ።

«በረዶው ቀልጦ ነዋ! ካላመንክ እሷን ጠይቃት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ፎጣ በእጇ ይዛ ነው የመጣችው።»

«የበረደው ሰው ፎጣ ይለብሳል እንጂ ይይዛል እንዴ?»

ለአብዱናሲር ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። አዋሽ ላይ ስንጭናቸው የጫጩቶቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ነበር። ገዋኔን ስናልፍ ቀነሱ። ሎጊያ ስንደርስ ጭጭ። ፋኢዛ መስኮቱን አንዴ ትከፍታለች፣ አንዴ ትዘጋለች። እኔ ወደ ኋላ መዞር ስላልደፈርኩ ወሬዬን ጨመርኩ። ጮክ ብዬ ሳወራ ያ ዝምታ አይሰማኝም። አሁንም የምጮኸው ለዚያው ነው።

ፋኢዛ የመጀመሪያውን ካርቶን ክዳን ታነሣለች። አንገቴን አስግጌ አያለሁ።

ቢጫ ነገር ተደራርቦ ተኝቷል። አንዱም አይንቀሳቀስም።

ጣቷን ሰድዳ አንዱን በቀስታ ትነካዋለች። ጫጩቱ አንገቱን ያነሣል፤ ማን ቀሰቀሰኝ እንደሚል ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። ጪው ጪው ይላል። ከጎኑ ያለው ይነሣል፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ካርቶኑ በሙሉ እንደ ድስት ይፈላል። ሁለተኛውን ትከፍታለች፤ እሱም ይንጫጫል። በከንፈሯ እየቆጠረች እስክትጨርስ ድረስ እኔ መኪናዬ መርገጫ ላይ ተቀምጫለሁ። ፈርቼ አይደለም፤ የመርገጫው ጥንካሬ ይፈተሽ ብዬ ነው።

«ሁለት መቶውም አሉ። አልሐምዱሊላህ።»

ከመርገጫው ዘልዬ እነሣለሁ። «አየህ አብዱናሲር? ማቀዝቀዣ ማለት ይሄ ነው!»

«ጋሽ ይገዙ፣» ትላለች ፋኢዛ ዓይኗን ከጫጩቶቹ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ። «ማቀዝቀዣው እኮ አላቀዘቀዘም። ከአዋሽ እስከዚህ የነፋብን ሙቅ አየር ነው። ወላሂ፣ አንዴ ቢያቀዘቅዝ ቀዳዳውን በፎጣው ልደፍነው ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።»

«ልትደፍኚው?»

«የዓምናዎቹን የጨረሳቸው ብርድ ነው። አውቶብስ ጣሪያ ላይ፣ በሌሊት ነፋስ። በዚህ ዕድሜያቸው ሙቀት ነው የሚፈልጉት፤ ሲመቻቸው ዝም ብለው ይተኛሉ። ሲበዛባቸው መስኮቱን ከፈት አደርግላቸው ነበር። አዋሽ ላይ ልነግርዎት ፈልጌ ነበር፤ ቃል ማስገቢያ አጣሁ እንጂ።»

አብዱናሲር ሆዱን ይዞ አጥሩ ላይ ይደገፋል። እኔ የትኛውን ቱቦ ከየትኛው ጋር እንዳቀያየርኩ በሐሳቤ እፈልጋለሁ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ነፋሱም ቀዝቀዝ ብሏል። ፋኢዛ ካርቶኖቹን መልሳ መኪናው ውስጥ ታስገባለች። «መብራት ጠፍቷል። የማሞቂያ አምፖላቸው እስኪበራ እዚሁ ይሙቁልኝ። እባክዎ፣ ሞተሩን ያስነሡልኝ።»

ከመሪው ኋላ እገባና ቁልፉን እሰካለሁ። ከመኪናዬ ስወርድ «ከዋሸሁ አትነሣልኝ» ብዬ የማልኩት መሐላ ትዝ ይለኛል። እጄ ቁልፉ ላይ ይቆማል።

«ምነው፣» ይላል አብዱናሲር፣ «ቁልፉም በረዶ ሠራ?»

በስመ አብ ብዬ አዞራለሁ። ሞተሩ ያስላል። እንደገና ያስላል። በሦስተኛው ይነሣል፤ ሙቁ አየር ፊቴን ይመታኛል። ከኋላዬ ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ።

ፋኢዛ በመስኮቱ እጇን ትዘረጋለች። ፎጣውን ነው የያዘችው።

«ላብዎን ይጥረጉበት።»